ከአስፋልቱ በታች ለቀረን 11 ግቢዎች ፍሳሽን በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ያዋጣል?

ታችኛው_ግቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን አዲስ አበባ ወንዝ ዳር ነው። መንገዱ በታደሰ ቁጥር ከፍ እያለ ሄዶ እኛ ጉድጓድ ውስጥ ቀረን። አሁን ከአስፋልቱ ወደ በራችን 14 ደረጃ እንወርዳለን። እንደኛ የቀሩ 11 ግቢዎች ነን።

ችግራችን ሽንት ቤት ነው። ሁላችንም ሴፕቲክ ታንክ አለን፤ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳው ደረቅ ድንጋይ፣ ታቹ ክፍት ነው። በበጋ ይሰርጋል። ክረምት ሲገባ የመሬቱ ውሃ ይነሳና መስረጉ ቀርቶ ጭራሽ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ በየሦስት ሳምንቱ መምጠጫ መኪና እንጠራለን። መኪናው መውረድ ስለማይችል አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቱቦ ይቀጥላል። አምና ቱቦው መጋጠሚያው ላይ ተፈታ። የሆነውን አልነግራችሁም። ሠርግ የተደገሰበት ቤት ደጃፍ ነበር።

አሁን መንገዱ ውስጥ አዲስ የፍሳሽ መስመር ተቀብሯል። ደስ ብሎን ልንቀጥል ብንሄድ «እናንተ ዝቅ ትላላችሁ፣ አይሆንም» ተባልን። ጎረቤታችን በውሃ ልክ ቱቦ ሲለካው የማንሆሉ ታች ከኛ ሽንት ቤት ወለል በ3 ሜትር ከፍ ይላል።

አንድ ነጋዴ መጥቶ «አንድ ትልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አንድ ትልቅ ፓምፕ አስገባላችኋለሁ» አለን። ውጭ አገር ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ፓምፕ ተደርጎ በቀጭን ቱቦ የሚገፋበት ዘዴ አለ ይላል። የቱ ይሻላል? የምታውቁ ንገሩን።

ቧንቧ_ሠሪው፦
እህቴ፣ በዚህ ሥራ 19 ዓመቴ ነው። ምክሬ አጭር ናት። ፓምፕ ካለ ችግር አለ። አንድ ሆቴል ምድር ቤት የተተከለ የፍሳሽ ፓምፕ በወር ሁለቴ እየወረድኩ ነበር የምፈታው። ጨርቅ፣ ሞዴስ፣ አንዴ ደግሞ ሙሉ የሕፃን ሸሚዝ አውጥቻለሁ። ነጋዴው ሸጦ ይሄዳል። ገማታው ለእናንተ ይቀራል።

ውሃና_ፍሳሽ፦
ቧንቧ ሠሪው ያየው ችግር እውነት ነው። ግን የሆቴሉ ፓምፕና የእህቷ ልጅ የሚለው ፓምፕ አንድ አይደሉም። ትንሽ ላብራራ።

የተለመደው የፍሳሽ መስመር የሚሠራው በቁልቁለት ብቻ ነው። 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቆሻሻውን ይዞ እንዲሄድ በ1 ኪሎ ሜትር ቢያንስ 4 ሜትር ያህል መውረድ አለበት። አዲስ አበባ በጠቅላላው ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ማጣሪያ ድረስ ቁልቁለት ነው። የሚቸገሩት እንደ እናንተ በየወንዙ ዳር ጎድጎድ ብለው የቀሩ ሰፈሮች ናቸው።

ዝቅተኛ ግፊት የሚባለው ዘዴ ቁልቁለት አይፈልግም። በየግቢው የታሸገ ትንሽ ታንክ ይቀበራል። ውስጡ ፈጪ ፓምፕ አለ። አፉ ላይ የሚሽከረከር ጥርስ አለው፤ የገባውን ቆሻሻ ፈጭቶ እንደ ወፍራም አጥሚት ያደርገዋል። ስለዚህ ከቤቱ የሚወጣው ቱቦ ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ለ11 ቤት የጋራው መስመር 63 ሚሊ ሜትር ያህል። ያው ጥቁሩ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ግፊት ስላለበት እንደ ውሃ ቧንቧ መሬቱን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል፤ ጥልቅ ቁፋሮ የለም። 80 ሳንቲ ሜትር ትቆፍራላችሁ፣ በቃ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ (በፈረንጅ) ጎርደን ፌር የሚባል የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ያነሳው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) በሰፈር ደረጃ መተከል ጀመረ።

አንድ ትልቅ ወይስ ብዙ ትንንሽ? የነጋዴው ሐሳብ ላይ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ 11ዱም ቤት ወደ አንዱ ጉድጓድ በቁልቁለት ይደርሳል ወይ? ካልደረሰ ከዝቅታችሁ በታች ሌላ ዝቅታ ልትቆፍሩ ነው፤ ያውም ውሃ ባለበት መሬት። ሁለተኛ፣ ያ አንድ ፓምፕ የቆመ ቀን 11ዱም ቤት ይቆማል። በየቤቱ ሲሆን አንዱ ቢበላሽ አሥሩ ይሠራሉ።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ከዚህ ፓምፕ ጋር ነው የምኖረው። ሜሪላንድ፣ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ብዙ በማይርቅ ቦታ። ሰፈሩ ዝርግ ነው፤ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። ቤቱን ስገዛ ግቢው ውስጥ አረንጓዴ ክዳን አይቼ የውሃ ቆጣሪ መስሎኝ ነበር።

ብዙ ጊዜ መኖሩንም እንረሳዋለን። በቀን ጥቂት ጊዜ ይነሳል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሠራል፣ ይተኛል። ድምፁ እቃ ማጠቢያ ማሽን አያክልም። ታንኩ ከልክ በላይ ሲሞላ ግድግዳ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ትበራለች፣ ደወልም ይጮሃል። ያን ጊዜ ውሃ መጠቀም አቁመህ ስልክ መደወል ነው።

በ8 ዓመት ሁለት ጊዜ ነው የጮኸው። አንደኛው የፋሲካ ቀን ነበር፤ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ። ሲከፈት የዶሮ ወጡ ቅቤና ዘይት ታንኩ ውስጥ ረግቶ እንደ ሻማ ሆኗል። የውሃውን ከፍታ የሚያየው ፍሎት በቅባት ተይዞ መነሳት አቅቶት ነበር። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ድስት በወረቀት ሳይጠረግ ሲንክ አጠገብ አታስደርስም። ሁለተኛው እርጥብ መጥረጊያ ሶፍት ነው። ማሸጊያው ላይ «ሽንት ቤት ይጣላል» ይላል። አትመኑት። ጥርሱ ላይ ተጠምጥሞ ገመድ ሆነ።

ከፈለጋችሁ እዚህ ያገለገለ ፓምፕ በርካሽ ይገኛል፣ በዕቃ ጭነት ልልክላችሁ እችላለሁ።

ውሃና_ፍሳሽ፦
@ከሜሪላንድ ወንድሜ፣ ልብህን እግዜር ይይልህ፣ ግን አትላክ። የእናንተ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ይሞቃልም። መለዋወጫውም እዚህ አይገኝ። የሚገዛው ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ ያውም ጥርሱንና ማሸጊያ ጎማውን እዚሁ አስቀምጦ ከሚሸጥ ሰው።

ጥርጣሬ_አለኝ፦
ሁላችሁም መብራት የማይጠፋበት አገር ያላችሁ ነው የሚመስለው። መብራት ሄደ እንበል። ስድስት ሰዓት ጠፋ። የ11 ቤት ሽንት ምን ይሆናል?

ሁለተኛ ጥያቄ። ከ11ዱ ግቢ ስንቱ የቀበሌ ቤት ነው? ስንቱ ኪራይ? ተከራይ ፓምፕ ሲበላሽ አከራዩን ይጠራል፣ አከራዩ ስልክ አያነሳም። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የውሃ ፓምፑ ተቃጥሎ መዋጮ ለመሰብሰብ አምስት ወር ፈጅቶብናል። ያውም ንጹሕ ውሃ ነው!

ታችኛው_ግቢ፦
ሁለቱ የቀበሌ ቤት ናቸው። ሦስቱ ኪራይ። ጥያቄህ ሆዴን በላኝ፤ ስብሰባችን ላይም የተነሳው ይኸው ነው።

ውሃና_ፍሳሽ፦
መብራቱን ልመልስ። የአሜሪካኖቹ ታንክ ብዙ ጊዜ ወደ 265 ሊትር ነው። ለኛ ያንሳል። ኒውዚላንድ ውስጥ ክራይስትቸርች ከተማ በፈረንጅ በ2011 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ዝቅ ያሉት ሰፈሮች ላይ ጥልቅ የነበረው የቁልቁለት መስመር ተሰባብሮ ነበር። መሬቱ እንደ ጭቃ ፈሷል። መልሶ ግንባታው ላይ አንዳንዱ ሰፈር ወደዚህ የግፊት ዘዴ ዞረ። እዚያ ታንኩን ተለቅ አድርገው ለ24 ሰዓት ያህል የሚበቃ ባዶ ቦታ ይተዉለታል።

በኛ ሰፈር ሂሳብ 6 ሰው ያለበት ቤት፣ ለሰው በቀን 70 ሊትር ብትሉ፣ 420 ሊትር ነው። የ1,000 ሊትር ታንክ ብትቀብሩ መብራት አንድ ቀን ሙሉ ቢጠፋም ትተርፋላችሁ። ከዚያ በላይ ለሚቆይ ጥፋት መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ የጄኔሬተር መሰኪያ ይደረግ። አንድ ትንሽ ጄኔሬተር ከቤት ቤት እየተዞረ 11ዱንም ያፈሳል።

የመብራት ወጪውም ያን ያህል አይደለም። ፓምፑ በደቂቃ 40 ሊትር ይገፋል ብንል 420 ሊትር ለማውጣት 10 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። 1 ኪሎ ዋት ቢስብ እንኳ በወር ከ6 ኪሎ ዋት ሰዓት አያልፍም። ምጣዳችሁ እንጀራ ሲጋግር ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የቱቦው ውፍረት የሚሰላው ፓምፖቹ ባንድ ጊዜ ሁሉም አይነሱም ተብሎ ነው። ለምሳሌ ለ50 ቤት ባንድ ጊዜ የሚሠሩት ከ6 ብዙም አይበልጡም ይባላል። ይህ ውሃ ሁልጊዜ ላለበት ሰፈር ልክ ነው። እናንተ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው አይደል? በውሃ ቀን ሁሉም ቤት ልብስ ያጥባል፣ ሁሉም ይታጠባል። 11ዱም ባንድ ጠዋት ይነሳሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንዲሁ። ስለዚህ ቱቦውን የሚያሰላው ሰው ይህን ይወቅ፤ ፓምፑም መስመሩ ውስጥ ግፊት ሲበዛ ዝም ብሎ የማይታነቅ ዓይነት ይሁን። በጥምዝ ዘንግ የሚገፋው ዓይነት ግፊት ቢጨምርበትም የሚያወጣው ብዙ አይቀንስም። ተራው፣ በሚሽከረከር ክንፍ የሚገፋው ዓይነት ግን ከጠንካራ ጎረቤት ጋር ሲገጥም ሊሸነፍ ይችላል።

የቤት_እመቤት፦
ይቅርታ፣ ልብስ የማጥበው ግቢ ላይ ነው። ውሃው ከአሸዋው ጋር ወደ ፖዜቶ ይሄዳል። እሱስ ይገባል?

ውሃና_ፍሳሽ፦
አይገባም! እንኳን ጠየቅሽ። ፓምፑን ከምንም በላይ የሚበላው አሸዋ ነው። የግቢ ፖዜቶ፣ የጣራ አሸንዳ፣ የጎርፍ ውሃ፣ አንዳቸውም እዚህ ታንክ ውስጥ አይግቡ። ልብስ የሚታጠብበት ቦታ በሲሚንቶ ተለይቶ፣ አሸዋ የሚያስቀር ትንሽ ሳጥን ተሠርቶለት፣ ላዩ ተከልሎ ከሆነ ብቻ።

ከሆላንድ፦
ይህን የጣራ ውሃ ነገር እኔም ልመስክር። ኔዘርላንድስ ገጠሩ ላይ ቤቶቹ ስለሚራራቁና መሬቱ ዝርግ ስለሆነ ይህ የግፊት መስመር በብዛት አለ። የጥገና መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ትልቁ ራስ ምታታችን ዝናብ የጣለ ቀን ነበር። ገበሬው የጓሮውን ውሃ ደብቆ ቀጥሎታል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፣ ከመስመሩ መጨረሻ ያሉት ቤቶች ደግሞ ሽንት ቤታቸው አይወርድም።

ሌላው ሽታ ነው። ፍሳሹ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አየር አጥቶ ሲቆይ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጋዙ የሚወጣው ቱቦው ማንሆሉ ላይ በሚደፋበት ቦታ ነው። ከላይ እንደ ፏፏቴ ከወረደ ይሸታል፣ ሲሚንቶውንም ዓመት ዓመት እየበላ ያፈርሰዋል። ታች ድረስ ወርዶ በቀስታ እንዲፈስ አድርጉት። አስፋልቱ ላይ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ይረግሟችኋል አለዚያ።

በዚያ አገር ፓምፑ የቤቱ ባለቤት ንብረት አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ነው የሚተክለው፣ የሚጠግነው። ሲበላሽ ባለቤቱ ሳያውቅ እኛ እንደርስ ነበር።

ጥርጣሬ_አለኝ፦
አያችሁ? ነገሩ እሱ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከያዘው ይሠራል። 11 ጎረቤት በመዋጮ ከያዘው ሁለት ክረምት አያልፍም።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ጋ የባለቤቱ ነው። ከኪሴ ነው የማሠራው። ግን ቤቱን ስገዛ ውሉ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ያንተ ጥያቄ መልስ አለው፦ ወረቀት።

ቧንቧ_ሠሪው፦
እሺ፣ ሐሳቤን ትንሽ ቀይሬያለሁ። ፈጭቶ የሚገፋውን ዓይነት በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ግን አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌውን ሴፕቲክ «ታንክ አለን እኮ» ብላችሁ ፓምፑን እዚያ እንዳታስገቡ። ታቹ ክፍት ነው ብላችኋል። የክረምቱ ውሃ ይገባና ወንዙን ስትገፉ ትከርማላችሁ። አሮጌውን አስመጥጣችሁ፣ በድንጋይና በገረጋንቲ ሙሉት። ደግሞ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይወርድ! ባዶ ነው ብሎ የወረደ ጓደኛ ነበረኝ። ጋዙ አይታይም። ሊያወጣው የወረደውም ለጥቂት ነው የተረፈው።

ታችኛው_ግቢ፦
ነፍስ ይማር። እንነግራቸዋለን።

አንድ ጥያቄ ደግሞ። ክረምት ላይ አንድ ሜትር ስንቆፍር ውሃ ይወጣል። የፕላስቲክ ታንክ ብንቀብር አይንሳፈፍም?

ውሃና_ፍሳሽ፦
ይንሳፈፋል! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1,000 ሊትር ባዶ ታንክ በውሃ ሲከበብ ወደ 1,000 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። በግ እንደሰረቀ ጅብ ሌሊት ብድግ ብሎ ቱቦውን በጥሶ ይወጣል። እግሩ ሥር የኮንክሪት ቀለበት ይፈስለታል። 1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ቢመዝንም ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚረዳችሁ 1,400ው ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሩብ ሜትር ኩብ፣ ለጥንቃቄ አንድ ሙሉ። ሥራው የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ይሁን። ሰኔ ላይ ጉድጓድ የከፈተ ሰው ውሃ ሲቀዳ ይከርማል።

ከቤት ሲወጣ ደግሞ አንድ መመለስ የሚከለክል ቫልቭ፣ ግቢው በር ላይ ሌላ ሁለተኛ፣ ከመዝጊያ ቫልቭ ጋር። ያ ሁለተኛው ከሌለና የመጀመሪያው ካረጀ የአሥር ጎረቤት ፍሳሽ ወደ አንዱ ቤት ይመለሳል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

በመጨረሻ፣ ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ሰርቬየር ጥሩ። በእውነተኛ ሌቭል ያንሳላችሁ። የውሃ ልክ ቱቦ መጥፎ አይደለም፣ ግን የለካችሁት አንድ ማንሆል ብቻ ነው። ከሰፈራችሁ ወደ ታች ያሉትንስ?

ታችኛው_ግቢ፦
(ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ምን ደረሳችሁ እያለኝ ነው።

ሰርቬየር አስመጣን። ሁለት ቀን ፈጀበት። ወደ ታች፣ ድልድዩ ጋ፣ አንድ ማንሆል አለ፤ ዛፍ ሸፍኖት ማናችንም አናየውም ነበር። አራቱ ግቢዎች ወደዚያ በቁልቁለት ይደርሳሉ፤ ፓምፕ አያስፈልጋቸውም! የአንዱ ቤት ባለቤት ደስታው በዝቶ «እንግዲህ መዋጮው ላይ የለሁበትም» ሲል ስብሰባው ልክ እንደ ገበያ ሆነ። በመጨረሻ የቱቦው ቁፋሮ የጋራ፣ ፓምፕ የየራስ ተብሎ ተስማማን።

የሚቀሩት 7 ናቸው። ነጋዴውን አሰናበትነው። በየቤቱ ፈጪ ፓምፕ እንዲሆን ወሰንን። ማንሆሉ ላይ መቀጠል ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሰርቬየሩን ሥዕልና የቱቦውን ስሌት አያይዘን አስገብተናል። «በፓምፕ የሚመጣ ፍሳሽ አስተናግደን አናውቅም» ብለው ትንሽ አመላልሰውናል፣ አሁን ግን ሥዕሉን ተቀብለዋል። ሆላንድ ያለው ወንድማችን ያለውን ነገር፣ ታች ድረስ ወርዶ በቀስታ እንዲፈስ የሚለውን፣ ሥዕሉ ላይ ስላስገባን የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ «ይህን ማን ነገራችሁ?» አለች።

@ጥርጣሬ_አለኝ፣ ያንተን ጥያቄ ነው ከሁሉም አስቀድመን የጻፍነው። ሁለት ገጽ ውል አለን። ፓምፑ የቤቱ ነው፤ ተከራይ ቢኖርም ከፋዩ አከራይ ነው። ከግቢ በር ወዲያ ያለው ቱቦ የሁላችን። በየወሩ ትንሽ መዋጮ አለ፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ይሰበስባታል። የሁለቱን የቀበሌ ቤቶች ፓምፕ ቤቱን የሚያስተዳድረው ወገን ይክፈል ብለን ጽፈናል፤ መልስ ገና አልመጣም። ካልመጣ እኛው እንሸፍነዋለን፤ የእነሱ ፍሳሽ መጥቶ የሚተኛው እኛ ግቢ ነው።

ጥርጣሬ_አለኝ፦
እድሩ ውስጥ ማስገባታችሁ ብልህነት ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ያጣነው እሱን ነው።

ቧንቧ_ሠሪው፦
ለ7 ቤት ስንት ፓምፕ ገዛችሁ?

ታችኛው_ግቢ፦
ስምንት። አንዱ ተጠባባቂ ነው። ሲበላሽ አውጥቶ ስምንተኛውን ማስገባት፣ የተበላሸውን በእርጋታ ማሠራት።

ቧንቧ_ሠሪው፦
ጥሩ አስባችኋል። ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ በየሁለት ወሩ ዘንጉን በእጅ አዙሩት እንዳይደርቅ። የት አስቀመጣችሁት?

ታችኛው_ግቢ፦
እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከድንኳኑና ከትልልቆቹ ድስቶች ጎን። ዕቃ ጠባቂው ጋሽዬ መጀመሪያ «ይህ ነገር ከማብሰያ ዕቃ ጋር አያድርም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ከካርቶኑ እንዳልወጣ በዓይናቸው አይተው ነው ቁልፉን የሰጡን። አሁን በየሁለት ወሩ ዘንጉን የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው።